ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ አልኳት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ወገኖች። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሻይ ይዤ ነው የተቀመጥኩት ፉት ስል ከተሰማችሁ ይቅርታ። ማውራት የፈለግኩት ስለ አንዲት ትንሽ ካርድ ነው። ላይብረሪ ስትገቡ መደርደሪያው ላይ፣ አንዳንድ መጽሐፍ ስር የምትለጠፍ ካርድ አለች አይደል፣ ከላይ የሰራተኛው ስም፣ ከስር በእጅ የተጻፈ ሁለት ሦስት መስመር። እኛ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ አንዷ ሰራተኛ ምን ብላ ጽፋለች፣ "ማታ እንዳትጀምሩት፣ ጠዋት ስራ አለባችሁ"። በቃ። ስለ ታሪኩ ምንም የለም። ወሰድኩት፣ እውነትም ማታ የሚጀመር አልነበረም።

ስልኬ እኮ ቀኑን ሙሉ ይሄን እይ ያንን ስማ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የሚውለው፣ ግን እሱ የሚያውቀው ትናንት ምን እንደነካሁ ብቻ ነው፣ ወድጄው ይሁን ከፍቼው እንቅልፍ ወስዶኝ ይሁን ምን ያውቃል። ላይብረሪያኗ ግን ጠየቀችኝ። ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ ነው ያልኳት፣ እንደ ሱቅ። እሷ ልብ ወለድ ነው የምትወደው ታሪክ ነው ምናምን አላለችም፣ "በቅርቡ ካነበብከው ደስ ያለህን አንድ ንገረኝ፣ ስለሱ አውራልኝ" አለችኝና ዝም ብላ ትሰማኝ ጀመር።

ለካ ይሄ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ናንሲ ፐርል የምትባል የሲያትል ላይብረሪያን አለች፣ በፈረንጆቹ 1998 የከተማው ሰው ሁሉ አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ የሚለውን ፕሮግራም ያስጀመረች፣ ኋላ ደግሞ አሻንጉሊቷ ሁሉ ተሰርቶ የተሸጠ፣ አዎ የላይብረሪያን አሻንጉሊት፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ እሽሽ የምትል። እሷ ምን ትላለች፣ ሰው ወደ መጽሐፍ የሚገባበት አራት በር አለው፣ ታሪኩ፣ ሰዎቹ፣ ቦታው እና ቋንቋው። ሰውየው ስለወደደው መጽሐፍ ሲያወራ ከሰማችሁት በየትኛው በር እንደገባ ሳያውቀው ይነግራችኋል። ላስቀምጠው አቃተኝ ካለ ታሪኩ ነው፣ እዛ የኖርኩ መሰለኝ ካለ ቦታው ነው። ከዛ በዚያው በር የሚያስገባ ሌላ ትሰጡታላችሁ፣ አንዱ የፍቅር ሌላው የወንጀል ቢሆንም ችግር የለውም።

እኔ እናቴ ላይ ሞከርኩት። እማዬ እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ቤት ነው የምትውለው፣ እንግሊዝኛው አልገባ ብሏታል፣ ዩቲዩብ የሰጣትን ታያለች። "እማ፣ በሕይወትሽ ከሰማሽው ሁሉ የማትረሺው የቱ ነው" አልኳት። ሳታስብ "ወጋየሁ ንጋቱ!" አለች። ወጋየሁ በሬዲዮ፣ ከመጻሕፍት ዓለም የሚባለው ፕሮግራም ላይ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ማለቷ ነው። እኔ እንግዲህ ስለ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ልታወራ ነው ብዬ ስጠብቅ እሷ እቴ፣ ስለ ድምፁ ጀመረች፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን እንዴት እንደሚያስፈራ፣ ወደ ጉዱ ካሣ ሲመጣ እንዴት ሌላ ሰው እንደሚሆን፣ እየተነሳች እያሳየችኝ። ገባኝ፣ የእማዬ በር ቋንቋው ነው፣ የሚነገርበት መንገድ። ስለዚህ አዲስ ድራማ መፈለጉን ትቼ የድሮ ትረካ መፈለግ ጀመርኩ፣ የወጋየሁን አስቀደምኩላት፣ ከዛ የፈቃዱ ተክለማርያምን። አሁን ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማለች፣ ደህናው ቦታ ሲደርስ ቢላዋውን አስቀምጣ ትቆማለች፣ ያኔ ማናገር የለም።

እሺ እኔም ካርድ ልጻፍ። ለማየት፣ የኃይሌ ገሪማ ፊልም፣ ጤዛ። በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወስዷል፣ እኔ ግን የምመክረው ለሽልማቱ አይደለም። ጀርመን የተማረ ሰው አገሩ፣ እናቱ ቤት ይመለሳል፣ አብዮቱ፣ የታጣው ትውልድ፣ ሁሉም አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ከባድ ነው፣ ምግብ እየበሉ የሚታይ አይደለም። ካርዴ ላይ የምጽፈው "ያንን ዘመን ካየ ሰው ጋር እዩት፣ እያቆማችሁ ጠይቁት" ነው።

ለመስማት ደግሞ እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ፣ ፒያኖ ብቻ፣ ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ አልበም 21ኛው ቁጥር የሳቸው ነው። ኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው እዛው በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ግጥም ስለሌለው መጽሐፍ ይዛችሁም ትሰሙታላችሁ፣ እኔ ግን ማንበቤን ነው የሚያስተወኝ።

ለማንበብ የምሰጣችሁ ርዕስ ሳይሆን የናንሲ ፐርልን ደንብ ነው። 50 ገጽ አንብብ፣ ካልጣመህ ተወው። ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ደግሞ ከ100 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፣ የቀረችው ናት የገጹ ብዛት። የ80 ዓመት ሰው 20 ገጽ አንብቦ መወርወር መብቱ ነው! የጀመርከውን ጨርስ እየተባልን ላደግን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነጻነት ነው።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ የላይብረሪ ካርዳችሁን አውጡበት፣ በነጻ ነው። ስልክ ላይ የሚጫኑ አፖች አሉ፣ ሊቢ ላይ ኦዲዮቡክ፣ ካኖፒ ላይ ፊልም፣ ሁፕላ ላይ ሙዚቃም አለ፣ ላይብረሪያችሁ የትኛውን እንደያዘ ጠይቁ። ሊቢ ላይ ወረፋ ካያችሁ አትገረሙ፣ ዲጂታል ቢሆንም አብዛኛውን የሚያበድሩት በገዙት ፈቃድ ልክ ነው፣ አንዱ ሲመልስ ነው ለሌላው የሚደርሰው።

አንድ ነገር ቅር ያለኝ፣ የአማርኛው መደርደሪያ ላይ አንድም ካርድ የለም። ለምን ብዬ ያቺኑ ልጅ ጠየቅኳት። "እኛ ማንበብ አንችልማ፣ አንተ ጻፍልን" ብላ ባዶ ካርድና እስክሪፕቶ ሰጠችኝ። እኔም ጻፍኩ፣ ከላይ በአማርኛ ከስር በእንግሊዝኛ። እናንተም አካባቢያችሁ ጠይቁ፣ መጽሐፉ ከሌለ ይገዛልን ብላችሁ የምትሞሉት ፎርም አብዛኛው ላይብረሪ አለው። ካታሎግ ላይ ስትፈልጉ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚመዘግቡት፣ አጻጻፉም እኛ ቴክስት እንደምናደርገው አይደለም፣ "ፍቅር"ን በኬ ጽፋችሁ ካጣችሁት በኪው ሞክሩት።

የእናንተን ካርድ ላኩልኝ፣ ሁለት መስመር ብቻ፣ ታሪኩን እንዳትነግሩኝ አደራ። በሚቀጥለው አነበዋለሁ። ቻው።