«ደህና አይደለሁም» ለሚል ሰው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ጉዳዩ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ስለሆነ ብቻዬን ላውራው ብዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሰው ሰላም እል ነበር። አገልግሎቴ እሱ ነው። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ሴት መጣች። «እንዴት ነሽ?» አልኳት። «ደህና አይደለሁም» አለችኝ። በዚያ በር ላይ እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ ሰው አላስታውስም። እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እጸልይልሻለሁ።» እጄ ግን ከኋላዋ ወዳለው ሰው ተዘርግቶ ነበር።

ፈገግ ብላ ሄደች። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ያልኳት ነገር ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ጸሎትን ወሬ ማሳጠሪያ አደረግኩት።

ስለ ዘመኑ ስናወራ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። ስልኩ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው፣ ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን መራቁ፣ ሰው ሁሉ ገንዘብ ገንዘብ ማለቱ። አብዛኛው እውነት ነው። ግን «ዘመኑ ከፋ» የሚል ስብከት ሰውን ያስደነግጠው ይሆናል እንጂ ተስፋ አይሰጠውም። የደነገጠ ሰው ደግሞ ወይ ይቆጣል ወይ ይደበቃል። ሁለቱንም በየቤተ ክርስቲያኑ በደንብ እያየን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ይጎዳል ይላል። ወጣቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ እሁድ ወደምትቀመጡበት ቦታ ግቡና አንድ ረድፍ ተመልከቱ። ቁጥሩ እዚያም የሚሠራ ከሆነ፣ አብሯችሁ እየዘመረ «አሜን» የሚል አንድ ብቸኛ ሰው አጠገባችሁ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ስሙን የጠራው ሰው ላይኖር ይችላል።

ስልካችን ላይ የምናየው ሕይወት ያለቀለት ሕይወት ነው። ምረቃው፣ ሠርጉ፣ አዲሱ ቤት። መሃሉን ማንም አያሳይም። በዚህ ሚዲያውን እንወቅሳለን። ታዲያ እኛስ? ምስክርነት የምንሰጠው መቼ ነው? ታምሜ ነበር፣ ተፈወስኩ። ሥራ አጥቼ ነበር፣ አገኘሁ። እነዚህ ምስክርነቶች ውድ ናቸው፤ እኔም ብዙ ቀን አቁመውኛል። ግን ገና ያልተፈወሰው ሰው፣ ገና ሥራ ያላገኘው፣ ሲጸልይ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ማይክ አይሰጠውም። እሱ ተቀምጦ የሌላውን መጨረሻ ይሰማል። ከዚያ «የኔ እምነት ነው የጎደለው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን መሃል ላይ ላለ ሰው ቦታ አለው። መዝሙር 88ን አንብቡት፤ በሌላው አቈጣጠር 87 ነው። ብዙ የለቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። ጨለማ ውስጥ ያልቃል። ያንን መዝሙር ከመጽሐፉ ያወጣው የለም። ለዘመናት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጸለይ ኖሯል። አንድ ሰው ነገሩ ሳይስተካከል፣ በጨለማው መሃል፣ አሁንም እግዚአብሔርን እየጠራ ነው። እኔ ይህን ሳስብ እፎይ እላለሁ።

የኤማሁስን መንገደኞች ደግሞ አስቧቸው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 24። ሁለት ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ ይሄዳሉ። «ተስፋ አድርገን ነበር» ይላሉ። «ነበር»። ተስፋቸው በኃላፊ ጊዜ ሆኗል። ኢየሱስ ቀርቦ አብሯቸው ይሄዳል። የሆነውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ላይ ነው የሆነው! ግን መጀመሪያ ይጠይቃቸዋል። እስኪጨርሱ ይሰማቸዋል። ይገሥጻቸዋል፣ መጻሕፍትንም ይተረጉምላቸዋል፤ ግን ከሰማቸው በኋላ። እኛ ብንሆን ትርጓሜውን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ እንጭነው ነበር።

ስለ ቻድ ቫራ ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ያገለግል የነበረ የአንግሊካን ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ገና ወጣት አገልጋይ ሳለ፣ ከመጀመሪያዎቹ የቀብር አገልግሎቶቹ አንዱ ራሷን ያጠፋች ልጅ ቀብር ነበር። በሰውነቷ ላይ የሆነውን ተፈጥሯዊ ለውጥ የምትጠይቀው ሰው አጥታ፣ በሽታ መስሏት ነው። ይህ ነገር አልለቀቀውም። በ1953 በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ መኖር ያስጠላቸው ሰዎች የሚደውሉበት ስልክ ከፈተ።

ሰው መደወል ብቻ ሳይሆን በአካልም መምጣት ጀመረ። ቄሱን ለማነጋገር ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። በጎ ፈቃደኞች ሻይ እየቀዱ አብረዋቸው ይቆያሉ፣ የሚሉትን ይሰማሉ። ቫራ አንድ ነገር አስተዋለ። ከሚጠብቁት ብዙዎቹ፣ ከነዚያ ሰዎች ጋር ካወሩ በኋላ እሱን ማግኘት አያስፈልጋቸውም ነበር። ምክር የሚሰጠው እሱ ነው ተብሎ ሳለ፣ ሰውን የያዙት ሻይ የሚቀዱት ነበሩ። በ1954 ስልኩን ለነሱ አስረከባቸው። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ተጀመረ፤ ዛሬም ይሠራል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። «ጸልይ፣ ይለፍሃል» ብለን መድኃኒት ያስጣልናቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ቂሳርያ አጠገብ ለድሆችና ለበሽተኞች ማረፊያ ሲያሠራ፣ ጸሎቱንም ሕክምናውንም አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያስገባው። አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ደግሞ ዘመኑን ለመምሰል የምንሯሯጠው ነገር አለ። መብራቱ፣ ስክሪኑ፣ የተቆራረጠው የስብከት ቪዲዮ። አልቃወምም። ግን ሰው በስልኩ ከዚህ የተሻለ መብራት ያያል። በስልኩ የማያገኘው፣ እሱ እስኪጨርስ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ወደዚያች ሴት ልመለስ። ለሁለት እሁድ አላየኋትም። ስልኳ አልነበረኝም፤ ስሟንም አላውቅም ነበር። ይህን ማለት ያሳፍረኛል። በሦስተኛው እሁድ መጣች። እዚያው ጥግዋ ላይ። አምልኮው ሲያልቅ ወደ በሩ አልሄድኩም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ባለፈው ደህና አይደለሁም ብለሽኝ ነበር» አልኳት። ረጅም ሰዓት ዝም አለች። ሰው ወጥቶ አለቀ። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ መጥቶ አየንና ተመልሶ ሄደ። ከዚያ እናቷ ከሞተች አራት ወር እንደሆናት ነገረችኝ። ቤት ስትገባ አሁንም «እማዬ፣ መጣሁ» እንደምትል። ምንም የምለው አልነበረኝም። ጥቅስ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስሟን ጠየቅኳት፣ የእናቷንም ስም።

በሚቀጥለው እሁድ ትንሽ አረፈድኩ። መዝሙር ተጀምሯል። እሷ ጥግዋ ላይ ናት፣ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣለች። ስታየኝ አነሳችው።