ክላስተሩ ማንነታችንን በምን ያውቃል?

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አከፋፍሎ የሚያከማችና የሚያሰላ ክላስተር ሲዘረጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ፍጥነቱና ስለሚይዘው መጠን ነው። እኔ ዛሬ ከእነዚህ በፊት መነሣት ስላለበት ጥያቄ እናገራለሁ፤ አንድ ሰው «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ሲቀርብ ክላስተሩ እውነትነቱን በምን ያጣራል?

እንዲህ ያለውን ክላስተር የሚያስኬደውን ሃዱፕ የተባለ ሶፍትዌር በመነሻ ቅንብሩ ከተውነው በምንም አያጣራም፤ ተጠቃሚው ራሱን የጠራበትን ስም እንዳለ ይቀበላል። ይህንን ለባልደረቦቼ በሙከራ ክላስተር ላይ ሳሳይ የረቀቀ መሣሪያ አላስፈለገኝም። በላፕቶፔ ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ የተጠቃሚ ስሜን በሃዱፕ ማከማቻ ላይ ሙሉ ሥልጣን ወዳለው ስም፣ «ኤችዲኤፍኤስ» ወደሚባለው ቀየርኩና፣ ከደቂቃ በፊት «ፈቃድ የለህም» ብሎ የመለሰኝን ፋይል ከፍቼ አነበብኩ። ይለፍ ቃል የጠየቀኝ አልነበረም። ማን ማንበብ፣ ማን መጻፍ እንደሚችል በእያንዳንዱ ፋይል ላይ በጥንቃቄ ተወስኖ ነበር፤ ነገር ግን የጠያቂው ማንነት ሳይጣራ ፈቃድ መደልደል ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ኬርቤሮስ ይግባ እላለሁ። በኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው ይህ ሥርዓት ይለፍ ቃልን በኔትወርክ ላይ ሳያሻግር ጊዜው የተወሰነ ትኬት ስለሚሰጥ፣ ተጠቃሚውም አገልግሎቱም አንዱ የሌላውን ማንነት ማረጋገጥ ይችላሉ። ሥራው ግን ቀላል አይደለም፤ በተለመደው ቅንብር የሰርቨሮቹ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ትኬቱ ተቀባይነት ያጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ኪይታብ የሚባለው ፋይል ነው። የአገልግሎቱ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ፋይሉን የቀዳ ሰው በአገልግሎቱ ስም ይገባል። አንድ ጊዜ ሁሉም በሚያነበው የጋራ ፎልደር ውስጥ የተረሳ ኪይታብ አግኝቼ ደንግጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ክላስተር ስፈትሽ መጀመሪያ የማየው የእነዚህን ፋይሎች ባለቤትና ፈቃድ ነው፤ አገልግሎቱን ከሚያስኬደው ተጠቃሚ በቀር ሌላ ሰው ሊያነባቸው አይገባም።

ቀጥሎ የፖርቶች፣ ማለትም አገልግሎቶች ከኔትወርክ ጥያቄ የሚቀበሉባቸው ባለቁጥር በሮች፣ ጉዳይ ይመጣል። ሥራዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው ያርን የተባለው የሃዱፕ ክፍል ማረጋገጫ ሳይደረግበት በ8088 ፖርት ለኢንተርኔት ከተጋለጠ፣ የማያውቀን ሰው ሥራ ልኮ የፈለገውን ትእዛዝ በሰርቨሮቻችን ላይ ያስፈጽማል። በዚህ መንገድ ክሪፕቶከረንሲ ማምረቻ የተጫነባቸው ክላስተሮች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያም ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የሃዱፕ ማከማቻዎች መረጃቸው ተደምስሶ ተገኝቷል። በእኔ እምነት የክላስተሩ ሰርቨሮች በተለየ ኔትወርክ ውስጥ ሆነው፣ የውጭ ጥያቄ ሁሉ እንደ ኖክስ ባለ አንድ መግቢያ ብቻ ቢያልፍ ይሻላል።

በክላስተር ላይ መረጃን በሚያሰላው ስፓርክ በተባለው ሶፍትዌር ላይም ቢሆን ማረጋገጫው በመነሻው የጠፋ ነውና ራሳችን ማብራት አለብን። በሰርቨሮች መካከል የሚያልፈውም፣ በዲስክ ላይ የሚተኛውም መረጃ ይመስጠር፤ ማን ምን እንደነካ የሚመዘግበው ሎግ ደግሞ የክላስተሩ አስተዳዳሪ ራሱ ሊያጠፋው በማይችልበት ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ።

ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ፣ ከክላስተሩ ኔትወርክ ውጭ ካለ ማሽን ሆናችሁ የራሳችሁን ክላስተር 8088 እና 9870 (የሃዱፕ ማከማቻ መቆጣጠሪያ ገጽ የሚገኝበት) ፖርቶች በድረ ገጽ ማሰሻ ለመክፈት እንድትሞክሩ አደራ እላለሁ። ገጹ ከተከፈተላችሁ በዚያው ዕለት ዝጉት፤ ከዚያም ማን ቀድሟችሁ እንደገባ ለማወቅ ሎጉን ወደኋላ ተመልሳችሁ መርምሩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።