ጃሚላ፦ ውሃ የጣለው ግዙፍ

[ምስል፦ የአልትራማን ደረት፤ ሰማያዊዋ መብራት ወደ ቀይ ትቀየራለች]

ይቺን መብራት ልብ በሏት። ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች ከጠፈር የመጣው ግዙፍ ጀግና፣ የአልትራማን ጉልበት እያለቀ ነው። ምድር ላይ የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

አልትራማን የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በጃፓን ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1966 ነው፤ 39 ክፍሎች አሉት። ያዘጋጀው በግዙፉ አውሬ በጎድዚላ ፊልም የሚታወቁት የኤይጂ ትሱቡራያ ስቱዲዮ ነው። በየሳምንቱ አንድ ግዙፍ አውሬ ይመጣል። ጃፓኖች ካይጁ ይሉታል።

ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ሰው ከባድ የጎማ ልብስ ይለብስና በትንንሹ በተሠራ ከተማ መሃል ይራመዳል። ካሜራው በፍጥነት ይቀርጻል፣ ስናየው ግን እንቅስቃሴው ዝግ ይላል። እግሩን ሲያሳርፍ ክብደቱ የሚሰማን ለዚህ ነው። አሮጌ ልብስም አይጣልም። ጂራስ የተባለው ካይጁ የጎድዚላ ልብስ ነው፤ አንገቱ ዙሪያ ሰፊ ክፈፍ ተጨመረበት፣ አለቀ። አልትራማን ክፈፉን ገንጥሎ ሲጥለው ጎድዚላ ራሱ ፊታችን ቁጭ!

እኔ ግን ከሁሉም የማልረሳው 23ኛውን ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ አኪዮ ጂሶጂ ነው።

[ምስል፦ ጃሚላ፤ ቆዳው እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ]

አንገት የለውም። ጭንቅላቱ ትከሻው ውስጥ ገብቷል። የጃፓን ልጆች ካናቴራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ እየሳቡ እሱን መስለው ይጫወቱ ነበር።

ጃሚላ ግን ሰው ነበር። ጠፈርተኛ። መንኮራኩሩ መንገድ ስታ ውሃ የሌለበት ፕላኔት ላይ ወደቀ። የላከው አገር ጉዳዩን ደበቀው እንጂ ሊፈልገው አልሄደም። ሰውነቱ ከዚያ ድርቀት ጋር ሲላመድ ተለወጠ። ቂሙን ይዞ ወደ ምድር የተመለሰው ዓለም አቀፍ የሰላም ጉባኤ ሊካሄድ ሲል ነው። ካይጁዎችን ለሚዋጋው ቡድን ከበላይ የመጣው ትእዛዝ ደግሞ ማንነቱ ሳይታወቅ እንደ ማንኛውም ካይጁ ይገደል የሚል ነበር።

እሳት አይጎዳውም። የሚገድለው ውሃ ነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ የተጠማው ውሃ! አልትራማን ከእጁ ውሃ ሲለቅበት ጃሚላ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ የአገራቱን ባንዲራዎች እየደፈጠጠ ይድሃል። ጩኸቱ የሕፃን ልቅሶ ይመስላል። ሙዚቃው አያጽናናችሁም፣ ካሜራውም ቶሎ ዞር አይልም።

[ምስል፦ የመታሰቢያ ጽሑፍ]

መቃብሩ ላይ ለሰው ልጅ ሕልምና ለሳይንስ የወደቀ ጀግና ተብሎ ተጻፈለት። የቡድኑ አባላት ሲሄዱ ከመካከላቸው ኢዴ ብቻ እዚያው ቆሞ ቀረ። ለተጎጂዎች ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ቃሉ ብቻ ያምራል አለ።