«ምላስህን አንሣ»

በዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሼሆችና ቀሳውስት፣ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ የተቀመጣችሁ ተመራቂ ልጆቼ፣ ከቦሩ ሜዳ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

እንደምን አደራችሁ። የጦሳ ብርድ በጥር አይቻልምና ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉ፤ እኔም ብዙ አላቆያችሁም።

በዚህ ቀን ስለ መገለል መናገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አይጥ ነው። ስለ አይጥና ስለ አንድ ሽማግሌ።

በ1971 ዓ.ም. ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክሊኒኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ስሙን ግን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። በወር አንድ የገበያ ቀን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ተሰልፈው ዳፕሶን ይወስዱ ነበር። ነጭ፣ ትንሽ ክኒን ናት። በቀን አንድ፣ ለዓመታት፤ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ። ርካሽ ስለ ነበረች ድሃ አገር ሁሉ ተስፋውን የጣለው በእርሷ ላይ ነበር።

ከሰልፈኞቹ መካከል ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው የሚመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ወስደዋታል፤ ካርዳቸው ከመታሸቱ ብዛት ጨርቅ መስሏል። መጀመሪያ ተሽሏቸው ነበር። ኋላ ግን ፊታቸው ላይ አዲስ እብጠት ወጣ፤ የጆሯቸው ጫፍ ወፈረ፤ ከዚያ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያው እንደ ጥንቱ ሞልቶበታል። እኔ የተማርሁት መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ሕመምተኛው ክኒኑን አልዋጠም። ወይ ሸጦታል፣ ወይ ጥሎታል፣ ወይ ረስቶታል።

«ወላሂ ውጫለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

አላመንኋቸውም። እዚያው ፊቴ አስዋጥኋቸው። ቀጥሎም አባቴ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» ብዬ፣ «አፍህን ክፈት፤ ምላስህን አንሣ» አልኋቸው። ሰልፈኛው ሁሉ እያየ። ከፈቱ፤ አነሡ። ከምላሳቸው ሥር ምንም አልነበረም።

አሁን ወደ አይጧ ልምጣ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ሐንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ያገኘው በ1873 ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለዓለም ያሳየው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነበር። ቀድሞ የተገኘው ግን ወደ ኋላ ቀረ። የሳንባ ነቀርሳው በላብራቶሪ ይበቅላል፤ የሥጋ ደዌውን በብልቃጥ ያበቀለ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ያልበቀለን ባክቴሪያ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በምን ይፈትኑታል? አንድ ሐኪም «መድኃኒቱ ሰንፏል» ብሎ ቢጠረጥር እንኳ የሚያስረዳበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ፍርዱ ሁልጊዜ የሚወድቀው ድምፅ በሌለው ሰው ላይ ነበር።

በ1960 ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባክቴሪያውን በአይጥ እግር መዳፍ ውስጥ ማራባት ቻለ። መዳፉ የተመረጠው በነሲብ አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ አፍንጫን፣ ጆሮን፣ እጅንና እግርን የሚያጠቃውም ለዚህ ነው። ደግሞ እጅግ ቀርፋፋ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የእኛ ገበሬ ጤፍ ዘርቶ እስኪያጭድ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ስለዚህ የአንዲት አይጥ ውጤት ለማየት ወራት መጠበቅ ነበረባቸው። ተመራማሪ ማለት ጎበዝ ጭንቅላት ብቻ ለሚመስላችሁ ልጆቼ፣ እነዚያ ሰዎች ከጭንቅላታቸው ይልቅ ትዕግሥታቸው ይገርመኛል።

በ1964 ፔቲትና ሪስ የተባሉ ሐኪሞች ማሌዥያ ውስጥ ለዓመታት ዳፕሶን እየወሰዱ ካልዳኑ ሕመምተኞች የተወሰደውን ባክቴሪያ በአይጦች ላይ ፈተኑት። ለአይጦቹ ዳፕሶኑን ከምግባቸው ጋር ቀላቅለው ሰጧቸው። አይጥ ክኒን አትሸጥም፤ ምላሷ ሥር አትደብቅም። ባክቴሪያው ግን መድኃኒቱ እያለ ተራባ። ሰዎቹ እውነታቸውን ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይህ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ፣ አለርት በተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ዳፕሶንን የተላመደ ባክቴሪያ በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ላይ አረጋግጠዋል። እኔ ሽማግሌውን አፍ ሳስከፍት ወረቀቱ ታትሞ ነበር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡስ በአንድ ቀን ይገባል። ዕውቀቱ ግን እኔ ዘንድ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ልጆቼ፣ ነገ በየጤና ጣቢያው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰደ የማይሻለው ሰው ይመጣላችኋል። ካርዱ ላይ «በአግባቡ አልወሰደም» ብላችሁ ለመጻፍ እስክሪብቶ ስታነሡ፣ ናሙናውን ለምርመራ ልካችሁ እንደሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ።

መፍትሔው የመጣው በ1981 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች አንድ መድኃኒት ብቻውን አይሰጥ አሉ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ሕመሙ በበረታበት ሰው ገላ ውስጥ ባክቴሪያው በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ዳፕሶን የማይነካቸው ጥቂቶች አይጠፉም። ሌላው ሲያልቅ ሜዳው ለእነርሱ ይለቀቃል። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ሲገባ ግን ከአንዱ ያመለጠው በሌላው ይያዛል። ዳፕሶን፣ ክሎፋዚሚን፣ ሪፋምፒሲን። ከሁሉ የበረታው ሪፋምፒሲን ውድ ነበር፤ ባክቴሪያው ቀርፋፋ በመሆኑ ግን በወር አንድ ጊዜ ይበቃል ተባለ። ሕመሙ ለበረታበት ሁለት ዓመት፣ ኋላም ዐሥራ ሁለት ወር፤ ከዚያ መዳን ነው። ዕድሜ ልክ የሚባለው ቀረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓለም ከአምስት ሚሊዮን በላይ የነበረው የተመዘገበ ሕመምተኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ የቀነሰው በዚህ ነው።

እንከን አልነበረውም አልልም። ክሎፋዚሚን መጀመሪያ ደብሊን ውስጥ ለሳንባ ነቀርሳ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ለዚያ ብዙ ሳይጠቅም ለዚህ ጠቀመ። ግን ቆዳ ያጠቁራል። ሕመሟን ከጎረቤት ደብቃ የኖረች ሴት ፊቷ ሲጠቁር ምስጢሯ ይወጣባታል። «የዳነው ሥጋዬ አጋለጠኝ» ብላ ያለቀሰችብኝ እናት ነበረች፤ የምመልስላት አልነበረኝም።

ጥምር መድኃኒቱ እኛ ክሊኒክ የደረሰው በ1979 ዓ.ም. ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ካርዶቹን ስናገላብጥ ብዙዎቹ ባለቤት አልነበራቸውም። ያቺን ጨርቅ የመሰለች ካርድ ይዤ በገበያተኛው አስጠየቅሁ። በሦስተኛው ወር መጡ። የግራ እጃቸው ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል፤ አንድ ዓይናቸው አይከደንም። ያ ሁሉ የሆነው እኔ ዋሽተዋል ብዬ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ነው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ እውነትዎን ነበር። መድኃኒቱ ነው ያልሠራው። ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «የዋጥሁት እኔ አይደለሁ?»

የወሩ መድኃኒት በጤና ባለሙያ ፊት ይዋጣል ይላል ደንቡ። ውኃ ቀዳሁላቸው፤ አንድ በአንድ ዋጡ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸውን አነሡ።

«አያስፈልግም፣ አባባ» አልኋቸው።

ጎንበስ ብዬ እስካይ ድረስ አልዘጉትም።