ኢንሱሊን የሚያፈራ ሱፍ

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁት የቡራዩ ልጆች። በቆሽት ልጀምር። ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንል የለ? ይቺው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ፕሮቲን ትሠራለች፤ እሷ ስትደክም ስኳር በሽታ ይመጣል። እናቴ ስኳር አለባት። መብራት በጠፋ ቁጥር የኢንሱሊን መድኃኒቷን ብልቃጦች እንዳይሞቁ እንስራ አጠገብ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች።

ድሮ ይህ መድኃኒት ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን የሰው ዘረመል የገባባት ባክቴሪያ የሠራችው ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ባክቴሪያ ከቻለች ተክልስ?

ሴምባዮሲስ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ለዚህ የመረጠው ሱፍን ነበር። አዎ፣ ለጾም የምንፈተፍተውን ሱፍ! ኢንሱሊኑን ፍሬው ውስጥ ካሉት ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎች ጋር አያያዙት፤ ፍሬው ተፈጭቶ ሲበጠበጥ ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ኢንሱሊኑም አብሮት ይወጣል። (ይህን ከእኔ ይልቅ ሱፍ የበጠበጠች እናት ብታስረዳችሁ ይሻላል።) ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ አቆመ።

ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ «ታዲያ ሱፉን ጠጥቶ መዳን ነዋ» አሉኝ። አይሆንም! ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ተጣርቶ በመርፌ ነው የሚሰጠው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ የሆነውን ስሙኝ። ለአሳማ ክትባት የሚሆን ፕሮቲን የሚሠራ በቆሎ በተመረተበት ማሳ ላይ በዓመቱ አኩሪ አተር ተዘራ። የረገፈው በቆሎ ማንም ሳይዘራው በቀለና ከአኩሪ አተሩ ጋር ታጭዶ ጎተራ ገባ። ወደ 136 ሺህ ኩንታል የሚጠጋ አኩሪ አተር ታገደ፤ ፕሮዲጂን የተባለው ኩባንያም 250,000 ዶላር ተቀጣ፣ እህሉን ገዝቶ የማስወገዱ ወጪ ሳይቆጠር። እነሱ ቢያንስ ደርሰውበታል። እኛ ጋ አንድ ጆንያ እህል በረንዳ ከገባ በኋላ ከማን ማሳ እንደመጣ ማን ይለያል?

ስለዚህ መድኃኒቱ ይምጣ እላለሁ፤ በምንበላው እህል፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ ግን አይሆንም። ሌላ መንገድ ስላለ ነው እንዲህ የምለው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ጎሸር ለሚባል በዘር ለሚተላለፍ ብርቅ በሽታ የፈቀደችው መድኃኒት የሚሠራው በካሮት ሴል ነው፤ ያ ካሮት አፈር አያውቅም፣ ሴሉ ዝግ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢቦላ የተሞከረው ዚማፕ የሚባል መድኃኒት ደግሞ በትምባሆ ዘመድ ነው የተሠራው። ትምባሆ ለምሳ የሚያቀርብ ሰው አላየሁም።

በዚሁ በአምቦ መንገድ ሆለታ ላይ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለን። እዚያ ያሉ ልጆቻችን አንድ ቀን ይህን ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፣ በር የሚዘጋ ቤት ውስጥ እስከሆነ ድረስ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ለምሳ ሱፍ ፍትፍት አለ ብለውኛል፤ ኢንሱሊን ስለሌለበት ስኳር ያለባችሁ መርፌያችሁን እንዳትረሱ።