ያልተባረረችው ሠራተኛ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ኮሮና ጊዜና ስለ ሥራ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ እኔ አዲስ አበባ ደመወዝተኛ ነበርኩ። ቀጥሎ የወጣው ደንብ አሠሪ ከተቀመጠው ሥርዓት ውጪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከለከለ። አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር ተባለ። ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ውል ለሌለው የቀን ሠራተኛ ግን ብዙም የጠቀመው ነገር የለም።

የአክስቴ ልጅ ያኔ ቤይሩት ነበረች፣ ሰው ቤት ተቀጥራ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያስወጣቸዋል። እነሱ የሚተዳደሩት በከፋላ ነው፤ ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር የስፖንሰር ሥርዓት ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ ማዳም ጋ ነው። የምትሠራበት ቤት ማደሪያዋ ነው። ስለዚህ ሥራዋን ያጣች ቀን ቤቷንም፣ ምግቧንም፣ ሕጋዊነቷንም ታጣለች።

ኮሮና ሲገባ ደግሞ የሊባኖስ ገንዘብ፣ ሊራ፣ እየወደቀ ነበር። በ1,500 ሊራ አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሰኔ በጥቁር ገበያ ከ5,000 አለፈ። በዶላር ይከፍሉ የነበሩ ቤተሰቦች መክፈል አቃታቸው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ አንዳንዶቹ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና አምጥተው ቤይሩት አጠገብ ሃዝሚዬ፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። መንገድ ዳር ያደሩ ነበሩ። ወደ አገር መመለስም ቀላል አልነበረም፤ አውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሰኔ 24 ለመደበኛ በረራ ዝግ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ግን አልተባረረችም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይሄ ነው። ደመወዟ ቆመ፣ ሥራው ግን በዛ። ቤተሰቡ በሙሉ ቀኑን ቤት ይውላል። ምግቡ፣ እጥበቱ፣ በበረኪና መወልወሉ ሁሉ እሷ ላይ ነው። የእረፍት ቀኗም በኮሮና ምክንያት ቀረ። ጥላ እንዳትወጣ፣ የወጣች ዕለት «ጠፊ» ትባላለች፤ ፖሊስ ካገኛት ያስራታል። ሥራ አጥ ተብላ የምትቆጠርበት መዝገብ የለም፤ ሥራ ላይ ናትና።

ስለ ሥራ ዋስትና ስናወራ ሁሌም የምናስበው እንዳንባረር ነው። ለእሷ ዋስትና የሚሆናት ግን ፈቃዷን ሳታጣ ጥላ መውጣት መቻሏ ነበር። አገሮች የሠራተኛ ስምምነት ሲፈራረሙ ስለ ደመወዙ መጠን ብዙ ይወራል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ፓስፖርቱ ማን እጅ እንደሚቀመጥና አሠሪ መቀየር ይቻል እንደሆነ ነው።

በኋላ ሌላ ቤት ገባች። የእነዚያን ወራት ደመወዝ ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።