ሐውልቱ ይቆይ፣ መኪናዋ ትነሳ
(ደብረ ሲና ውስጥ ለአንድ መኪና ሻጭ ሙት ዓመት የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአርማንያ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

እኔ ሾፌር ነኝ፤ ንግግር አላውቅበትም። ኮሚቴው "ጋሼን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ተናገር" ሲለኝ ልጄ ሰማች። "አባዬ፣ በቃልህ ከሆነ ትቆጣለህ፣ ጻፈው" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ቁጣው ግን ወረቀቱም ላይ አልቀረም፤ ታገሱኝ።

ጋሼ መኪና ሻጭ ነበር። አንቱ ስንለው ይቆጣ ስለነበር ዛሬም አንቱ አልለውም። "ባለሀብት" እያላችሁም አታሳምሩት። በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ነበረችው። እዚያ ኮሮላ ይቆማል፣ ሚኒባስ ይቆማል፣ አይሱዙ ይቆማል። መኪና ሻጭ ሲባል ሰው መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚይዘው። አይፈረድበትም። ኪሎ ሜትር የሚያስቀንስ አለ። የተገለበጠ መኪና ቀብቶ "ከሐኪም እጅ የወጣ፣ ጭረት የማያውቅ" የሚል አለ።

ጋሼ ግን ካርቶን ቀዶ ይጽፍና የፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። "ዘይት ትጠጣለች። ሁለተኛ ማርሽ ታስቸግራለች። የግራ በር ከውጭ አይከፈትም። ሊብሬዋ ንጹህ ነው።" ደላሎች በንዴት ካርቶኑን ይነቅሉታል። እሱ ሌላ ካርቶን ይቀዳል።

አንድ ጊዜ ከሸዋ ሮቢት አንድ ገበሬ መጣ። ሽንኩርት በደህና ዋጋ ሸጦ፣ ከወንድሙ ጋር አዋጥቶ፣ አይሱዙ ሊገዛ ነው። መኪናው የጋሼ አይደለም፤ ባለቤቱ ሽጥልኝ ብሎ ያቆመው ነው። ገበሬው ዙሪያውን አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ "ተስማምቶኛል፣ ቀብዱን ያዝ" አለ። ጋሼ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። "የጣርማ በርን ዳገት ወጥተን ሳንወርድ ቀብድ አልቀበልም።" ገበሬው "ኧረ አምኜሃለሁ!" ቢለውም "እኔ መኪናውን አላመንኩትም" አለው።

በባዶው እንዳንሄድ ደግሞ ጠጠር አስጫነን። "ባዶ መኪና ሁሉም ጨዋ ነው" ይል ነበር። እኔ መሪ ያዝኩ። ገበሬው መሃል፣ ጋሼ በር በኩል። ጉሙን ታውቁታላችሁ፤ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ስንደርስ ከአፍንጫችን በላይ አይታይም። አዙረን መውረድ ጀመርን። ገና ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወለሉ ላይ አረፈ። ሰው ማርሽ ሳያስገባ በፎሌ እየወረደ ስንቱ እንዳለቀ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ደግነቱ እኔ በከባድ ማርሽ ነበርኩ። እያስጮህኩ ይዤው ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ከዳገቱ ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ገበሬው ወርዶ አማተበ፤ ከዚያ ሳያስበው የጋሼን ጉልበት ሳመ። ጋሼ ስልኩን አወጣና ለባለቤቱ ደወለ። "መኪናህ አልተሸጠችም። ፍሬን ሳታሠራ ወደ ግቢዬ እንዳትመልሳት።" ባለቤቱ ሰድቦት ሌላ ጋ ወሰዳት። ለማን እንደሸጣት አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይጨነቃል። ገበሬው በኋላ ሌላ አይሱዙ ገዛ። ያው፣ ከኋላ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል።

በ2012 አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣ። ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ኮሮላ በአንድ ጊዜ ወርቅ ሆነ። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሁሉ ቀብዱን እየመለሰ ዋጋ ጨመረ። ጋሼ በተስማማበት ዋጋ አስረከበ። ጅል አሉት። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ደግሞ እሱ ደስ አለው። "ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋን የምትሞላ የኤሌክትሪክ መኪና ለጣርማ በር የተሠራች ናት" ይል ነበር። አንዷንም ሳይነዳ ሄደ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። የማታዋ ሚኒባስ ነገር ነው።

ጋሼ አንዲት ነጭ ሚኒባስ አይሸጥም ነበር። ነዳጇ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ቁልፏ ከዘበኛው ጋር ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ደብረ ብርሃን ሪፈር ከተባለች፣ ማንም ይሁን ማን፣ ግቢውን አንኳኩቶ ይወስዳታል። ያ ዳገትና ያ ጉም በሌሊት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ነበርኩ የምነዳው። መንገድ ላይ የተወለደ ልጅ አለ። ከናንተ መሃል በዚያች መኪና ሚስቱን ያላደረሰ፣ እህቱን ያላደረሰ እጁን ያውጣ!

ታዲያ መኪናዋ ዛሬ የት ናት? ጋሼ ከሞተ ጀምሮ ቆማለች። ባትሪዋ ሞቷል፣ ጎማዋ ተንፍሷል፣ ቦሎዋ አልፏል። እኛ ግን ለሐውልት ገንዘብ እያዋጣን ነው! እብነ በረድ! ሐውልት ነዳጅ ይቀዳል? ሐውልት ጣርማ በርን ይወጣል? በክረምቱ ሌሊት በር ሲንኳኳ ሐውልቱ ይነሳል?

ሌላም አለ። ከጋሼ በዱቤ ሚኒባስና ባጃጅ የወሰዳችሁ፣ ሠርታችሁ ቤት የሠራችሁበት፣ የዕዳው ደብተር አለ። የጋሼ ሚስት አሳይተውኛል። ስም እንዳልጠራ አስምለውኛልና አልጠራም። እናንተ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ለሐውልቱ ቀድማችሁ ስማችሁን ያስጻፋችሁትም እናንተው ናችሁ! መጀመሪያ ዕዳችሁን ክፈሉ፤ እሳቸውም "የሚከፈለው ለማታዋ መኪና ይሁን" ብለዋል።

ጋሼ ለልጆች ያደረገውን የደብተርና የዩኒፎርም ነገር ሌሎች ይናገሩታል፤ እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ባትሪ፣ አራት ጎማ፣ ምርመራ፣ ቦሎ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የጋራዡ ልጅ እጄን በነጻ እሰጣለሁ ብሏል። መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ከድንኳኑ ስትወጡ ለእድሩ ጸሐፊ ተራ አስመዝግቡ። የሰኞና የሐሙስ ሌሊት የእኔ ነው፤ ሌሎቹን ቀናት እናንተ ተካፈሉ።